ጉግስ በካርታ

ካርታ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቁማር ነው። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ካርታ ቤቱ እንዳይገባ ቢከለክል አይፈረድበትም። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ገንዘብ ስለሌለበት፣ ከአሮጌ ደብተር ሽፋን ተቆርጦ ስለሚሠራ የጉግስ ካርታ ነው።

ጉግስን ሜዳ ላይ ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። አንዱ የቆዳ ጋሻውን ይዞ ሽምጥ ይጋልባል፤ ሌላው ዘንግ ይዞ ይከተለውና ሲደርስበት ይወረውርበታል። የሚሸሸው ጀርባውን በጋሻው እየከለለ ያመልጣል። ከዚያ ተራው ይለወጣል፤ ያሳደደ ይሳደዳል። ለአባቶቻችን ጉግስ የበዓል ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የጦርነት ልምምድም ነበር። ዛሬም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር የፈረስ ትርኢቱ ብዙ ሰው ይሰበስባል።

የከተማ ልጆቻችን ግን በፊልም የሚያዩትን ብረት ለባሽ የአውሮፓ ፈረሰኛ ነው የሚያውቁት። እነዚያ ረጅም ጦር ይዘው ፊት ለፊት እየጋለቡ ይጋጩ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1559 በዚህ ጨዋታ ላይ የተሰበረ ጦር ስንጥር በዓይኑ በኩል ገብቶበት ከ10 ቀን በኋላ ሞቷል። አምብሯዝ ፓሬና ቬሳሊየስን የመሳሰሉ የዘመኑ ስመ ጥር ሐኪሞች ቢረባረቡም አላዳኑትም። የእኛም ጉግስ ቢሆን ከሚጋልብ ፈረስ መውደቅ አለበት፤ ይህ ምን ዓይነት ስብራት እንደሚያመጣ በነርስነት ለሠራ ሰው አይነገረውም። ጠረጴዛ ላይ ግን ማንም አይወድቅም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ ጎሮ ሁለት የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እኔ ጋ ይውላሉ። ወላጆቻቸው ከሥራ ወጥተው፣ ታክሲ ተሰልፈው እስኪደርሱ ይመሻል። ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፤ ከተሸነፈ ያኮርፋል፣ ያገኘውን ይወረውራል። የ6 ዓመቷ እኅቱ ደግሞ እንዳይቆጣባት ብላ ሆን ብላ መሸነፍ ጀመረች። የእሱ ቁጣ ዕድሜ ሲጨምር ይበርዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ያሳሰበኝ የእሷ ነው። በ6 ዓመቷ ሰው እንዳይቆጣ ብላ ራሷን ዝቅ ማድረግ የለመደች ልጅ፣ ስታድግም ያንኑ እንዳትቀጥል ፈራሁ።

ካርታው እንዲህ ይሠራል። 12 የዘንግና 12 የጋሻ ካርታ ቁረጡ። በሁለቱም ወገን ከ1 እስከ 6 ያለው ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጻፍ። አሳዳጁ 3 ዘንግ፣ ተሳዳጁ 3 ጋሻ ሳያይ ያነሳል። ሁለቱም አንዳንድ ካርታ መርጠው፣ ፊቱን ደፍተው ያስቀምጡና እኩል ይገልጣሉ። ዘንጉ ከጋሻው ከበለጠ አሳዳጁ አንድ ሽምብራ ያገኛል፤ እኩል ከሆነ ወይም ካነሰ ጋሻው መክቷል። ሦስቱ ካርታ ሲያልቅ ቦታ ይለዋወጣሉ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ሲያሳድዱ ካርታው ያልቃል፤ ሽምብራው ይቆጠራል።

ከዚህ ሌላ 8 የፈረስ ካርታ አለ። ጀግኖቻችን በፈረሳቸው ስም «አባ» እየተባሉ ይጠሩ ስለነበር፣ በአንድ ፊቱ የፈረስ ስሙ፣ በጀርባው ባለቤቱ ይጻፋል፦ አባ ታጠቅ አፄ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ አፄ ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው አፄ ምኒልክ፣ አባ ጠቅል አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ አባ ነጋ ራስ አሉላ፣ አባ ቃኘው ራስ መኮንን፣ አባ መላ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ አባ ነፍሶ ደጃዝማች ባልቻ። የደረሰውን የፈረስ ስም አይቶ ባለቤቱን ያወቀ ልጅ አንድ ሽምብራ ይዞ ይጀምራል።

መጀመሪያ ሰሞን ልጁ ሁለት ጊዜ ካርታውን በትኖ ተነሥቷል። አንድ ቀን «እሷ ስትመታኝ ለምንድን ነው እኔ ዞሬ የማልመታት?» አለኝ። «አሁን የያዝከው ጋሻ ነው፤ ዘንጉ ተራህ ሲደርስ ይመጣል» አልኩት። ለካ የቸገረው መሸነፉ ብቻ ሳይሆን፣ ተራው ተመልሶ የሚመጣ አልመስለው ማለቱ ነበር። አሁንም ሲሸነፍ ፊቱ ይጠቁራል፤ ሽምብራውን ግን በእጁ ይሰጣታል። እሷም ካርታ በዕድል ስለሚደርሳት መሸነፍ ብትፈልግ እንኳ ሁልጊዜ አይሳካላትም። ባለፈው ሳምንት 5 ቁጥር ዘንግ ይዛ «አባ ዳኘው!» ብላ ስትጮህ ጎረቤት ሰማ።

መምህራንም ተማሪዎችን ሁለት ሁለት አድርገው ሊያጫውቱበት ይችላሉ፤ ትንንሾቹ የሚበልጠውንና የሚያንሰውን ቁጥር፣ ትልልቆቹ ታሪክ ይማሩበታል። ካርታውን ልጆቹ ራሳቸው ይቁረጡት፣ ራሳቸው ይጻፉበት። ሽምብራው ተቆልቶ ቢበላ ቁማር አይባልም። አያቶችም አብራችሁ ተጫወቱ፤ ልጁ ደስ ይበለው ብላችሁ ግን አትሸነፉለት።