የአንኮበር ጸጥታ



በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በዚሁ ማሠልጠኛ ዕጩ መምህራን ሳለን፣ አራት ጓደኛሞች ለሦስት ቀን ወደ አንኮበር ሄደን ነበር። ዛሬ ሁላችንም በየገጠሩ ጥቂት ዓመት አስተምረን ለክረምት ትምህርት ተመልሰናል። አንድ ማታ ሻይ ይዘን ስንጨዋወት፣ አራታችንም ከዚያ ጉዞ አንዲት ነገር ሳንረሳ መቆየታችንን ተረዳን። በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ብናወጣት ለተተኪዎቻችን ትጠቅማለች ብለን ጻፍናት። አስቀድመን እንናገር፤ የሚያስመሰግነን ታሪክ አይደለም።

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ያለቀ ሰሞን ነበር። ጭንቅላታችን በማስተማር ዘዴና በትምህርት ዕቅድ ተወጥሮ፣ እርስ በርሳችን እንኳ መነጋገር አስጠልቶን ነበር። «ኧረ እባካችሁ፣ ሰው የማይጮህበት አንድ ቦታ እንሂድ!» አለች ከመካከላችን አንዷ። ኪሳችንን ስንፈትሽ ወደ ሐዋሳም ወደ ላንጋኖም የሚያደርስ ገንዘብ አልተገኘም። አንኮበር ግን ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። ተነሣን።

መንገዱ መጀመሪያ የሚያልፈው በደጋው ሜዳ ላይ ነው። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ በየድንጋይ ቤቱ ደጃፍ ኩበት ተደርድሯል፤ በጎች በውርጭ በደረቀው ሣር ላይ ተበትነዋል። ሜዳው ማለቂያ የሌለው ሲመስል ምድሪቱ ድንገት ትቆረጣለች። ከዚያ በታች ገደል፣ ከገደሉ በታች ኮረብታ፣ ከኮረብታው በታች ደግሞ ወደ አፋር የሚዘረጋው ቆላ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። መኪናው ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ጸጥ አለ። ጎረቤላ ከተማ ወርደን ርካሽ አልቤርጎ ያዝን። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አገር ነውና ብርዱ ቀልድ አያውቅም፤ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ደርበንም ጥርሳችን ይንቀጫቀጭ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ከከተማው ወጣ ብለን ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥን። የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ከፊታችን ሣሩን በጣቱ እየነጨ ይበላል። ያን ጊዜ ከእኛ አንዱ ይዟት የመጣትን ትንሽ ራዲዮ ከፈታት። መንጋው ቀና ብሎ አየን፤ ከዚያም ለመኝታው ሰዓት ሳይደርስ አንድ በአንድ ወደ ገደሉ ወረደ። ጸጥታ ፍለጋ መጥተን ጩኸታችንን በከረጢት ይዘን መምጣታችን ነበር። ራዲዮዋ ተዘጋች። ነፋሱ፣ ከሩቅ የውሻ ድምፅ፣ ከታች ከሸለቆው የውኃ ድምፅ መሰማት ጀመረ። እንዲህ ያለ ዕረፍት አግኝተን አናውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ስንነሣ፣ በግ የሚጠብቅ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አገኘን። በጎቹን ለታናሽ ወንድሙ አደራ ብሎ «መንገዱን ላሳያችሁ?» አለን። ስማችንን ከመንገራችን በፊት «እኛ አስተማሪዎች ነን» አልነው። ገና ዕጩዎች መሆናችንን አልጠቀስንም። ልጁ ወዲያው ባርኔጣውን አወለቀ።

ታዲያ አስተማሪ ነን ካልን ማስተማር አለብን አይደል? እየተፈራረቅን ጀመርን። አንዱ ታሪክ ያዘ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. ከ1813–1847) ከዚህች ከተማ ሆነው ሸዋን እንደ ገዙ፣ በ1841 የመጣውን የእንግሊዝ መልእክተኛ የሃሪስን ቡድን በዚህ አካባቢ እንደ ተቀበሉ፣ ዳግማዊ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመሻገራቸው በፊት እዚህ እንደ ተቀመጡ ተረከ። በእጁ ወደ ታች እያመለከተም፣ አልዩ አምባ የሲራራ ነጋዴዎች ጨው ይዘው ከቆላ የሚወጡባት ትልቅ ገበያ እንደ ነበረች ነገረው። ልጁ «እሺ ጋሼ» እያለ ያዳምጣል።

ሌላዋ ስለ ወፎች ቀጠለች። የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር የላከው የተፈጥሮ ተመራማሪ አንቲኖሪ በአቅራቢያው በልጥ ማረፊያ ሰፍሮ ወፎች ይሰበስብ እንደ ነበር፣ እዚያውም በ1882 እንደ ሞተ አወሳች። «ይገርምሃል፣» አለችው፣ «ያ ሁሉ ተመራማሪ ተመላልሶበት፣ እዚህ ገደል ላይ የምትኖረው ትንሿ ግራጫማ ወፍ በሳይንስ ስም ያገኘችው በ1979 ነው። የአንኮበር ስሟንም ይዛለች።» ልጁ ፈገግ አለና «እሺ እትዬ» አለ። የዚያ አገር እረኛ ከ1979 በፊት ስንት ዘመን ሲያያት እንደ ኖረ ያን ጊዜ አላሰብንም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው እውነት ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት አጥር አጠገብ ስናልፍ ግን፣ ሦስተኛው ጓደኛችን ረጃጅም ዛፎች አይቶ ቆመ። «ይህ የሐበሻ ጥድ ይባላል» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ልክ በማስተማር ልምምድ ጊዜ እንደምናደርገው። «አገር በቀል ዛፍ ነው። እዚህ ሲቆም ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከዚሁ አካባቢ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስወስደው መናገሻን አስተከሉ የሚባለው ይኸው ዛፍ ነው። ገባህ?»

ልጁ ዛፉን አየ፤ እኛን አየ፤ መሬቱን አየ። «እሺ ጋሼ» አለ።

እኛ ሦስታችን ራሳችንን ነቀነቅን። ስሕተቱን አንድ ሰው ተናገረው እንጂ የአራታችንም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የልጁ አያት ቡና ጠጡ ብለው ወደ ቤታቸው አስገቡን። የገብስ ቆሎ ቀረበ። ሽማግሌው በዕድሜያቸው ብዙ ቤት የሠሩ አናጢ ናቸው። «ልጄ ምን አሳያችሁ?» ሲሉ፣ የኮረብታውን ፍራሽ ግንብ፣ ቆላውን፣ በመጨረሻም በትምህርት ቤቱ አጥር ያለውን የጥንት የሐበሻ ጥድ ማየታችንን ነገርናቸው።

«የትኛው የሐበሻ ጥድ?»

«በአጥሩ ጥግ በሰልፍ የቆመው።»

አባባ ሳቃቸው መጣ። «ልጆቼ፣ እሱማ የፈረንጅ ጥድ ነው! የዚህ ልጅ አባት ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋራ የተከለው ነው። ውኃ ያጠጣው የነበረው በጣሳ ነው።»

«አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» የሚባለው ደረሰብን። ብዙ መቶ ዓመት ያልነው ዛፍ ከእኛ እምብዛም የማይበልጥ ሆነ። ወደ ልጁ ዞር ብለን «አንተ ታውቅ ነበር እንዴ?» አልነው።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

አንገቱን ደፍቶ «አስተማሪዎች ነን ስላላችሁኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ቡናው እስኪያልቅ ብዙም አላወራንም። ሽማግሌው ስናፍር ጊዜ አዘኑልን መሰለኝ፣ «ምን አለበት፣ ሰው ሁሉ ይሳሳታል» ብለው ጨዋታ ለወጡ። እኛ ግን አንዱን ነገር እያሰብን ነበር። በዚያች አገር ልጅ ታላቁን አያርምም፤ በእኛም ቤት እንዲሁ ነው ያደግነው። ክብሩ መልካም ነው። ነገር ግን ነገ ስድሳ ልጅ ፊት ስንቆም፣ ስድሳውም «እሺ ጋሼ» ቢለን፣ የገባውን ካልገባው፣ ያመነውን ከፈራው በምን እንለያለን?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከመኪናችን በፊት፣ ልጁን «ዛሬ አስተማሪው አንተ ነህ፤ እኛ ተማሪዎች ነን» አልነው። መጀመሪያ አፈረ፤ በኋላ ግን ማን ያቁመው! ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለው ዛፍ ቅርንጫፍ አመጣ፤ ከትምህርት ቤቱም አመጣ። የሐበሻው ጥድ ፍሬ እንደ ሽምብራ ትንሽ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ሥጋ ያለው ነው። የፈረንጁ ፍሬ ደግሞ እንደ እንጨት የደረቀ፣ ሲሰነጠቅ ዘሩን የሚያራግፍ ነው። «አያቴ ምሰሶ የሚሠራው በሐበሻው ነው፤ ምስጥ ቶሎ አይበላውም» አለን። ኮሶን፣ አስታን፣ ጦስኝን እየዳሰሰና እያሸተተ አሳየን። የፈረንጁ ጥድ መነሻ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ መሆኑን ግን እኛ ነገርነው። ያን ጊዜ «ታዲያ ማን ነው ያመጣው?» ብሎ ጠየቀን። ከተገናኘን ወዲህ የጠየቀን የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። «አናውቅም» አልነው። ምንም አልሆንም፤ ልጁም አልናቀንም። እንዲያውም ይበልጥ ተጠግቶን መሄድ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ተመርቀን ተበታተንን። ሁሉን አስተካክለን ሠራን ብንል ውሸት ይሆናል። ከእኛ አንዱ በሁለተኛ ዓመቱ ሰሌዳ ላይ የማባዛት ስሌት ሲሠራ፣ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ስድስት አይደለም፣ ስምንት ነው» አለችው። «ዝም ብለሽ ጻፊ!» አላት። ወደ ቤቱ ሲሄድ ያ የትምህርት ቤት አጥር ታወሰው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ፣ በማግስቱ በክፍሉ ፊት «ትናንት ትክክል የነበረችው እሷ ናት» አለ። በዚያ ሳምንት እጃቸውን የሚያወጡት ልጆች ቁጥር ጨመረ እንጂ የተደፈረ ነገር የለም።

ሌላዋ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ከየሠፈራቸው አንድ ቅጠል ወይም ፍሬ ይዘው መጥተው ስሙንና ጥቅሙን ራሳቸው እንዲያስረዱ ታደርጋለች። እሷ ትጽፋለች። ደብተሯ ከመማሪያ መጽሐፉ ሊወፍር ምንም አልቀረውም።

ውድ ዕጩ መምህራን፣ ክቡራን መምህራኖቻችንም፣ እኛ አንኮበር ላይ ሁለት ዓይነት ጸጥታ አገኘን። አንዱ የገደሉ አፋፍ ጸጥታ ነው፤ ራዲዮዋን ስንዘጋ የመጣው፣ የሚያሳርፈው። ለሱ ሲባል ጊዜና የትራንስፖርት ገንዘብ ሲገኝ ሂዱ፤ የምትለብሱት ወፍራም ይሁን። ሁለተኛው የልጁ ጸጥታ ነው። እሱ ሊያሳርፈን አይገባም። ክፍላችን ጸጥ ሲል «ገባቸው» ብለን ደስ ከመሰኘታችን በፊት፣ ምን ዓይነት ጸጥታ ነው ብለን እንጠይቅ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለውን ተረት በየሰሌዳው ስንጽፈው የኖርነው ለተማሪ ብቻ ነበር።

ከአራታችን አንዱ የዚያን ቀን ሁለት ፍሬዎች በክብሪት ቤት ይዞ ተመልሷል። ዛሬም ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ተማሪዎቹ ምን እንደ ሆኑ ሲጠይቁት፣ መጀመሪያ የሚመልሰው «እናንተስ ምን ይመስላችኋል?» ብሎ ነው።