ቴነሩ አራብሳ ገባ

አዲስ አበባ ውስጥ የአማተር መዘምራን ቡድን የሚፈርሰው በችሎታ ማነስ አይደለም። ብዙ ጊዜ በገንዘብ እጦትም አይደለም። የሚፈርሰው ቴነሩ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ጊዜ ነው።

ቀልድ ይመስላል፤ ሂሳቡ ግን ቀላል ነው። በአራት ድምፅ የሚዘምር የስምንት ሰው ቡድን ለእያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ሁለት ሰው አለው። ልምምዱ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው እንበል። ጌጃ ሰፈር የሚኖር ቴነር ሻይውን ጠጥቶ በእግሩ ይደርሳል። አራብሳ ከገባ በኋላ ግን ሰልፍ አለ፣ ታክሲ መቀየር አለ፣ ሲመሽ መመለሻ ማሰብ አለ። የመጀመሪያውን ወር እየተጋ ይመጣል። በሁለተኛው ወር ዐሥር ሰዓት ላይ ይደርሳል። በሦስተኛው «ዛሬ አልተመቸኝም፣ ይቅርታ» የሚል መልእክት ይልካል። የቀረው አንድ ቴነር ብቻውን ድምፁን ይዞ መቆም ያስፈራዋል፤ እሱም መቅረት ይጀምራል። ይፍረስ ብሎ የወሰነ የለም፣ ስብሰባም አልተጠራም። አንድ ቅዳሜ ላይ ግን የመጣው ሰብሳቢው ብቻ ይሆናል።

ጌጃ ሰፈር ለዚህ ነገር ጥሩ ማሳያ ነው። ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ፣ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ የኖረበት የድሮ ሰፈር ነው። ዜማ ጎድሎት አያውቅም። የልደታ ለማርያም ማሕሌት አለ፣ የጌጃ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አሉ። በደርግ ዘመን ደግሞ እንደ ሌላው የከተማው ክፍል ሁሉ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። የኪነቱ ፖለቲካ ይቆየንና፣ ደሞዝ የማይከፈላቸው ወጣቶች ከሥራና ከትምህርት በኋላ ተሰብስበው የሚለማመዱበት ክፍል ነበር። ብዙ ድምፃዊ መድረክን መጀመሪያ ያየው እዚያ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የልደታ መልሶ ማልማት ሲጀመር የአካባቢው አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ተተካ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ጀመረ። ከተማው ተለወጠ፤ ክፉ ሆነ ለማለት አይደለም፤ ጣሪያው የሚያፈስ የጭቃ ቤት ለማንም አይናፍቅም። ጥያቄው ሌላ ነው። ቤት ሲፈርስ ቤቱ ይቆጠራል፣ ካሬው ይለካል፣ ካሳው ይሰላል። በእግር ተገናኝቶ ይዘምር የነበረው ስምንት ሰው በየትኛው ቅጽ ላይ ይሞላል?

እንግዲህ በዚህ ሰፈር አንድ ሰው ተነሥቶ «የሕዳሴ ዘመን የአውሮፓ መዝሙር የሚዘምር ትንሽ ቡድን እናቋቁም» ቢል ምን ይባላል? መጀመሪያ ይሳቅበታል። ሁለተኛ «ሕዳሴ» ሲል ስለ ግድቡ የሚያወራ ይመስላቸዋል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን የምር ነው፤ ለጌጃ ሰፈር ልጅ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንጅ ዜማ ምኑ ነው?

መልሱ ከሚጠበቀው በላይ ቅርብ ነው። ያ ሙዚቃ ኢትዮጵያ የገባው ገና ትኩስ ሳለ ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. ምጽዋ የደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ለዐፄ ልብነ ድንግል ካመጣው ስጦታ መካከል ኦርጋን ነበረበት፤ ከሰዎቹም አንዱ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። አብሮ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በ1540 እ.ኤ.አ. ሊዝበን በታተመው መጽሐፉ፣ ንጉሡ እንግዶቹን እንዳዘፈኗቸውና የገናን ጸሎት በራሳቸው ሥርዓት እንዲዘምሩ እንደፈለጉ ጽፏል። ፓለስትሪና ጣሊያን አገር የተወለደው እነዚህ ሰዎች ገና በልብነ ድንግል ድንኳን ሳሉ ነው። ኋላ ኢየሱሳውያን መጥተው በትምህርት ቤቶቻቸው ለሕፃናት ዜማ አስተማሩ። ከዚያ የሱስንዮስ ዘመን ጦርነት መጣ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. የነገሡት ፋሲለደስ ሚሲዮኖቹን አባረሩ፤ ዜማውም ከሰዎቹ ጋር ወጣ።

በዚያው ክፍለ ዘመን ደግሞ የራሷ የኢትዮጵያ ዜማ ትልቅ ነገር ሆኖለታል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ደረሱ ሊቃውንቱ ይተርካሉ፤ ስማቸውም ከተድባበ ማርያም ጋር ይነሣል። ቬኒስ ላይ ኦታቪያኖ ፔትሩቺ ባለ ብዙ ድምፅ ሙዚቃን በማተሚያ ያወጣው በ1501 እ.ኤ.አ. ነው። በሁለቱም በኩል ሰዎች በአፍ የኖረውን ዜማ ወረቀት ላይ የማስቀመጥ ጉዳይ ይዟቸው ነበር ማለት ነው። አንዱ በብራና፣ አንዱ በእርሳስ ፊደል። ይህን የሚያውቅ ሰው «የፈረንጅ ነገር» ሲባል ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ታሪኩ ግን ለክርክር እንጂ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው አያመጣም። ሰው የሚያመጣው የሙዚቃው ጠባይ ነው። ይህ ሙዚቃ ለትንሽ ቡድን የተሠራ ነው። ኪቦርድ አያስፈልገውም፣ ሚክሰር አያስፈልገውም፣ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። በዘመኑ የሚታተመው ለእያንዳንዱ ድምፅ የብቻው ደብተር ሆኖ ነበር። ሶፕራኖዋ የራሷን ብቻ ታያለች፣ ቤዙ የራሱን ብቻ። ሙሉውን የሚያይ የለም። በኖታው መካከል ዛሬ የሚታየው የመለኪያ መስመር የለም። ፊት ለፊት ቆሞ ዱላ የሚያወዛውዝ ዳይሬክተርም የለም፤ አንዱ በእጁ ዝቅ ከፍ እያደረገ ምቱን ይጠብቃል፣ ሌላው ጆሮውን ከፍቶ ይከተላል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞርሊ በ1597 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሙዚቃ መማሪያ የሚጀምረው አንድ ሰው ራት ተጋብዞ ሄዶ፣ ከማዕድ በኋላ የዜማው ደብተር ሲታደል የራሱን ድምፅ መዘመር ባለመቻሉ እንዳፈረ በመተረክ ነው። ያኔ መዘመር የእንግዳ ወግ ነበር ለማለት ነው፤ ዛሬ ቡና ላይ ተቀምጦ ጨዋታ አለማወቅ እንደሚያሳፍረው ዓይነት።

ዊልያም በርድ ደግሞ አለ። በ1590ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሦስት፣ ለአራትና ለአምስት ድምፅ የሚሆኑ ሦስት ቅዳሴዎች ጻፈ። እንግሊዝ ያኔ የፕሮቴስታንት መንግሥት ነበራት፤ በርድ ግን ካቶሊክ ነው። ቅዳሴዎቹ የሚዘመሩት በር ተዘግቶ በሰው ቤት ውስጥ ነበር። ሦስት ሰው ብቻ ቢመጣ የሚሆን አለ፣ አምስት ከሞላም የሚሆን አለ። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቶ በየቤቱ እየተሰበሰቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የዘመሩ ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም በሕይወት አሉ። ለእነሱ የበርድን ነገር ማስረዳት ብዙ ቃል አይጠይቅም። እምነቱ ይለያይ፤ የተዘጋ በር ግን በየትም አገር የተዘጋ በር ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ።

ኖታ ማግኘት ችግር መሆኑ ቀርቷል። ባለቤቶቹ ካለፉ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ስለሆነ የቅጂ መብት ጥያቄ የለውም፤ በኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል። የሚያስቸግረው ማንበቡ ነው። ከስምንቱ ኖታ የሚያነብ አንድ ከተገኘ ዕድል ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው የሚያደርገው በየሰፈሩ ኳየር የሚደረገውን ነው፤ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ዘምሮ ወይም በኪቦርድ ተጫውቶ በስልክ ይቀርጽና በቴሌግራም ይልካል። ይህ መንገድ ጠቃሚ ነው፣ አደጋም አለው። ሰው በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን ያጠናውን ድምፅ እንደ ሶሎ ይይዘዋል። ቅዳሜ ሲገናኙ ስምንት ሶሎ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት ሁለት ድምፅ እያጣመሩ መጀመር፣ ለምሳሌ ቤዝን ከሶፕራኖ ጋር፤ ክብ ሠርቶ ፊት ለፊት መቆም፤ የሌላው ድምፅ ካልተሰማህ ጮኸሃል ማለት ነው የሚለውን ሕግ ማጽናት።

ሁለተኛው ጣጣ ቅኝት ነው። ትዝታን ጠጥቶ ያደገ ጆሮ አምስት ድምፅ ያውቃል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ እና ቲ የሉበትም። የሕዳሴው ሙዚቃ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው በቲ ነው፤ ቲ ተጠግታ ወደ ዶ ትገባለች። ያልለመደ ቡድን እዚያ ላይ ሲደርስ ቲን ወደ ታች ይጎትታትና መዝጊያው ይረግባል። «ድምፅ የላችሁም» ብሎ መቆጣት ዋጋ የለውም፤ ጆሮው ያልለመደውን ነው የተጠየቀው። ብልኅ ሰብሳቢ በአንቺ ሆዬ ይጀምራል። በአንቺ ሆዬ ውስጥ የተጠጋጉ ድምፆች አሉ፤ ማንም ሰርግ ቤት ሄዶ የሚያውቅ ያውቃቸዋል። «ያቺን ጠባብ እርምጃ ታውቋታላችሁ፣ እዚህም ያቺው ናት» ሲባል ነገሩ ይቀላል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ምሩቅ ከተገኘ ይህን ከማንም በላይ ያስረዳል፤ ግን ምሩቁም እንጀራ አለበት፣ ቅዳሜ ሰርግ ይጫወታል።

ቃሉ ሦስተኛው ነው። በላቲን መዘመር ቀላል ነው፤ ማንም ስለማይሰማው ማንም አይታዘብም። ወደ አማርኛ ሲገለበጥ መጥበቅና መላላት ይመጣል። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ መኖር ነው። ዜማው በቦታው ካላጠበቀው ቃሉ ይለወጣል፤ አራት ድምፅ በተለያየ ጊዜ ሲገባ ደግሞ አንዱ ልደቱን ሲያበስር ሌላው «ቆይ፣ ገና ነው» የሚል ይመስላል። ይህን አስተካክሎ ቃል የሚያስቀምጥ ሰው ያለው ቡድን ቴነር ካለው ቡድን በላይ ሀብታም ነው።

ቀሪው አስተዳደር ነው፤ ቡድን የሚኖረውም የሚሞተውም እዚህ ላይ ነው። ክፍል ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ስምንት ሰው ሲዘምር ጎረቤት በሦስተኛው ሳምንት በር ያንኳኳል፤ አያስፈርድበትም። የእድር ቤት ካለ ይመረጣል፤ ወንበር አለው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለቅሶ ካልገጠመ ባዶ ነው፣ ቁልፉም የሚታወቅ ሰው እጅ ነው። ከእድር መበደር የሌለበት ነገር ግን ቅጣት ነው። ባረፈደ ሰው ላይ ሃምሳ ብር የጣለ ቡድን ብሩን ያገኛል፣ ሰውየውን ያጣል። ሰው ወደ እድር የሚሄደው ቀብሩን አስቦ ነው፤ ወደ መዝሙር የሚሄደው ወዶ ነው። ሁለቱ በአንድ ሕግ አይተዳደሩም። ሻይና ዳቦ ከቅጣት ይሻላል። በሰዓቱ መጀመርም እንዲሁ፤ ሦስት ሰው ብቻ ቢኖርም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ሰው የሚሸሸው ልምምዱን ሳይሆን መቼ እንደሚያልቅ አለማወቁን ነው።

ሰብሳቢው ራሱስ? በየቡድኑ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ። ቁልፉን የሚያመጣው፣ ፎቶ ኮፒውን ከኪሱ የሚከፍለው፣ ሐሙስ ማታ «ቅዳሜ እንዳትቀሩ» ብሎ የሚጽፈው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ድምፅ ያለው አይደለም። ሲታመም ቡድኑ አብሮ ይታመማል። ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጥህ» ይለዋል፤ ቁልፉን ልያዝልህ የሚለው ግን ከስንት አንዱ ነው። ቁልፉን በየወሩ ተራ ማዞር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ቡድን ግን ይህን ባለማድረጉ አልቋል።

የመድረክ ጉዳይ ሲነሣ ደግሞ ሐሳብ ይከፈላል። ወጣቶቹ ዩቲዩብ ይፈልጋሉ። ሌሎቹ ምንም ሳያቀርቡ ዓመት መዘመር አይከብዳቸውም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን ካሜራ የገባበት ልምምድ ይለወጣል። ደካማው ድምፅ «አንተ ዛሬ ቆይ» ይባላል፤ የሚባለውም በአብዛኛው ያው ብቻውን የቀረው ቴነር ነው። በዓመት ሁለቴ፣ ለጎረቤት፣ በዚያው በእድር ቤት፣ ያለ ማይክ መዘመር ይበቃል።

አራብሳ የገባውን ሰው በተመለከተ ሁለት መንገድ ተሞክሯል ማለት ይቻላል፤ በየትኛውም የከተማው ኳየር ይታያል። አንዱ በስልክ ማገናኘት ነው። አይሠራም፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፣ በአንድ ምት መዘመር አይቻልም። ሌላው በወር አንድ ቅዳሜ ቡድኑ ወደ እሱ መሄድ ነው። ይህ ይሠራል፤ ሰባት ሰው ተሳፍሮ ሲመጣ ያየ ቴነር ቀሪዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች መቅረት ይከብደዋል። አራብሳ ላይ ደግሞ ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ የመጣ፣ በየሰፈሩ ኳየር ውስጥ የነበረና አሁን ድምፁን ይዞ የተቀመጠ ጎረቤት አይጠፋም። ደረጃው ላይ መዝሙሩን ሲሰማ በር ከፍቶ ይወጣል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀውም «ቤዝ ይጎድላችኋል?» ብሎ ነው።