ስለ በረዶ ናዳ ወላጆች የምናስበው

ወላጅ የሚፈራው በዓይን የሚታየውን ገደልና የሞላውን ወንዝ ነው። ልጃችን በስዊስ አገር ከተቀመጠ ወዲህ ግን እኛ ለዓይን ደስ የሚያሰኘውን ነጭ በረዶ መፍራትን ተማርን።

በአልፕስ ተራሮች በረዶው በሌማት እንዳለ እንጀራ ይደራረባል። ከሥር ያለው ልል ሆኖ የላዩ የጠነከረ እንደ ሆነ፣ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ቁልቁለት ላይ የአንድ ሰው ክብደት ናዳውን ሊያስነሣው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜም መንገደኛውን የሚገድለው ራሱ ወይም ጓደኛው የቀሰቀሰው ናዳ ነው።

በዳቮስ ያለው የበረዶ ናዳ ጥናት ተቋም በብርዱ ወራት አደጋውን በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ያስታውቃል። ሰው 3ን መካከለኛ ነው ብሎ ይንቀዋል፤ ነገር ግን በዚያ አገር በናዳ ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት ቁጥሩ 3 በሆነበት ቀን ነው። የተቀበረም ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ የመዳን ተስፋው እጅግ ያንሳል፤ ስለዚህ ፈጥኖ የሚደርስለት ከሩቅ የሚጠራ ረዳት ሳይሆን አካፋ ይዞ አጠገቡ ያለ ጓደኛው ነው።

እኛም ልጃችንን «አትሂድ» አንለውም፤ «የዛሬው ቁጥር ስንት ነው? ከማን ጋር ትሄዳለህ? አካፋስ ይዛችኋል?» ብለን እንጠይቀዋለን እንጂ። «ከመንገድ ተመለስን» ባለን ዕለትም ፈሪ አላልነውም፤ መመለሱን ከጀግንነት ቈጠርንለት።