መጨረሻው ቀድሞ የገባው ፊልም

በልጅነታችን ወናጎ ውስጥ ፊልም ያየ ልጅ ባለዕዳ ነበር። ከቪዲዮ ቤት ሲወጣ በር ላይ የሚጠብቁት አሉ፤ ሳንቲም ያጡ፣ ከብት ሲጠብቁ የዋሉ፣ እናታቸው «ወዲያ! ደብተርህን ያዝ» ያለቻቸው። ያየው ላላዩት ከሥር ከመሠረቱ መተረክ አለበት። እየተረከ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ በአፉ ይተኩሳል፣ የህንድ ፊልም ከሆነ ደግሞ እጁን ዘርግቶ ይዘፍናል። ግማሹ ወናጎ ብዙ ፊልም ያየው እንዲህ በሰው አፍ ነው።

የእኔ ዕዳ እቤት ነበር። ሁለት ዓመት የምታንሰኝ እህቴ ሴት ልጅ ናትና ቪዲዮ ቤት መግባት አይታሰብላትም፤ ገባች ቢባል ወሬው ቀድሟት እቤት ይደርሳል። ስለዚህ ቡና ለቅማ ካገኘቻት ላይ ቆንጥራ የመግቢያዬን ሃምሳ ሳንቲም ትሞላልኛለች፤ እኔ ደግሞ ማታ አያቴ ምድጃ ዳር ቆጮ ስትጋግር ፊልሙን አመጣላታለሁ። ራምቦን ያየችው በእኔ አፍ ነው። ታይታኒክም የሰመጠው እዚያው ምድጃችን ዳር ነው፤ እህቴ አለቀሰች፤ አያቴም በጌዴኡፋ ሲተረጎምላት «ታዲያ ያን ሁሉ ሰው አሳፍረው ጀልባ ሳይዙ ወጡ?» ብላ እስክትተኛ ድረስ ተቆጣች።

ቪዲዮ ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል፤ መቀመጫው ድንጋይ ላይ የተጋደመ አጣና ነው፤ በር ላይ በጠመኔ የሚጻፍበት ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው በላይ ደግሞ የውስጡን ጩኸት ወደ መንገድ የሚለቅ ድምፅ ማጉያ አለ። ሽታውን ግን እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ ወዳጄ! እርጥብ ጭቃ፣ ላብ፣ የተላጠ ሸንኮራ፣ የተቆላ ለውዝ፤ በለቀማ ወራት ደግሞ በእያንዳንዳችን እጅና ሸሚዝ ላይ የቀረው የእሸት ቡና ልጣጭ። ጣፋጭም ነው፣ ኮምጣጣም ነው። ዝናብ ከመጣ ቆርቆሮው ፊልሙን ይውጠዋል፤ ወናጎ ላይ ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ቀን ጥቂት ነው።

ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተርጓሚያችን ይቀመጣል። ሁለተኛ ደረጃ የሚማር፣ እንግሊዝኛ ያውቃል ተብሎ በነጻ የሚገባ ልጅ ነበር። ምን ያህሉን ሰምቶ፣ ምን ያህሉን ከራሱ አመንጭቶ እንደሚነግረን እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ክፉው ሰው ሲናገር ድምፁን ያወፍራል፤ አክተሩ ቁስሉን በሸሚዙ ሲያስር ደግሞ ቀስ አድርጎ «አይዞህ፣ እናትህ አለችልህ» ያሰኘዋል። የእሱ ድምፅ ከሌለ ፊልም የለም። አክተር አይሞትም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እንዴት እንደሚተርፍ የሚያውቀው ግን እሱ ነበር።

እንግዲህ ዘመኑ 1997 ነው፤ የለቀማው ወራት። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1994 መጀመሪያ፣ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ እስከ ዛሬ ሽማግሎች በሚያነሱት ውድቀት ወድቆ ነበር፤ ኒውዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ተሽጧል። ቀድሞ አገሮች በኮታ ተስማምተው ዋጋውን ይደግፉት የነበረው ስምምነት በ1981 ፈርሷል፤ ቬትናምም በአጭር ዘመን ገበያውን በቡናዋ አጥለቅልቃዋለች። እኛ ልጆች ግን ቬትናምን የምናውቃት በራምቦ ነው። የምናየው ሌላ ነገር ነበር። በየቤቱ አባቶች ይታጣሉ። የእኔም አባት እንሰቱንና ቡናውን ለአያቴ ትቶ ወርቅ ፍለጋ ወደ ሻኪሶ ሄደ። ይመጣል፤ ስኳር ይዞ፣ ለእህቴ ጫማ ይዞ፤ ቤቱ ይሞላል። ከዚያ አንድ ጠዋት ስንነሳ ጋቢው ከተሰቀለበት የለም። በዚያ ዓመትም ለመስቀል መጥቶ ሄዷል።

ሰሌዳው ላይ «አዲስ! የጃፓን ካርቱን! ዓለምን ያስደነቀ!» ተብሎ ከተጻፈ ጀምሮ ትምህርት ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ጃፓን ሲባል ለእኛ ሰይፍና ካራቴ ነው። ካርቱን ደግሞ ቶምና ጄሪ ነው። ሁለቱ ቢገናኙ ምን ሊሆን ይችላል? እህቴ ጠይቃኝ ልነግራት አልቻልኩም፤ ብቻ ትልቅ ነገር እንደሆነ ማልኩላት። ሳንቲሟን ሰጠችኝና «ምንም እንዳይቀርህ» አለችኝ።

ፊልሙ ጀመረ ልበል? ገና ስንቀመጥ የሆነ ነገር መሃል ነበርን። ፊቱ ነጭ ጭምብል የሆነ፣ አካሉ ጥላ የሚመስል ፍጡር ወርቅ እየበተነ ይበላል፤ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ሰውም ይውጣል። ነጭ ዘንዶ እየደማ ከሰማይ ይወድቃል። ቤት የሚያህል ሕፃን ያለቅሳል፤ ወዲያው ደግሞ አይጥ ይሆናል። አንዲት ቀጭን ልጅ በዚህ ሁሉ መሃል ትሮጣለች። ድምፁ ጃፓንኛ ነው፤ ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ የቻይና ነው። ሁላችንም ወደ ተርጓሚያችን ዞርን። አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። «ይቺ… ጠንቋይ ናት» አለ ትልቅ ራስ ያላትን አሮጊት እያየ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቁርጥ እሷን የምትመስል አሮጊት መጣች። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። በዚያ ቤት ውስጥ የእሱን ዝምታ ሰምተን አናውቅም ነበር።

«አክተሩ የታል?» ይላል ከኋላ አንዱ። «ልጅቷ ናት መሰለኝ።» «ሴት አክተር አትሆንም!» ባቡር በባሕር ላይ ይሄዳል፤ ማንም አይተኩስም፤ ማንም አይናገርም፤ ውሃው ብቻ ይታያል። ልጅቷ አሳማዎች ፊት ቆማ ራሷን ነቀነቀች፤ ሁሉም ጨፈረ፤ ለምን እንደሆነ አልገባንም። ከእናት ከአባቷ ጋር በዋሻ ውስጥ ወጣች፤ መኪናቸው ቅጠልና አቧራ ለብሷል። ገብተው ሄዱ። አለቀ ብለን ስንነሳ አጫዋቹ ዴኩን ከፍቶ ሌላ ሲዲ አስገባ።

አሁን እንደገና መኪና ውስጥ ናቸው! ልጅቷ ከኋላ ወንበር አበባ ታቅፋ ተጋድማለች። እንደገና ዋሻው። መግቢያው ላይ ፊት የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል፤ አንድ ልጅ «ቱቶ ፈላ!» ብሎ ጮኸ፤ ከእኛ ብዙ የማይርቁትን፣ የሰው ፊት የተቀረጸባቸውን የጥንት ትክል ድንጋዮች ማለቱ ነው። ደስ አለን፤ ቢያንስ አንድ ነገር አወቅን። ከዚያ አባትና እናቷ ያልተጋበዙበትን ምግብ ሲበሉ፣ ሲበሉ አሳማ ሆኑ። ቪዲዮ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አለ። ሄደው የለ እንዴ? ተርፈው የለ እንዴ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶች፤ እኛ በዚያ ቀን ሥሩም አልተገኘልንም።

ውሃው ግን መጣ። ይህን ቀስ ብዬ ልንገርህ፤ ሳይገባን የገባን ይህ ብቻ ነውና። ልጅቷ በምትሠራበት መታጠቢያ ቤት አንድ እንግዳ መጣ፤ ቡናማ ዝቃጭ የሚያዝረበርብ፣ የሚሄድ ክምር። ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ሸሸ። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥም ሳቅ ነበር፤ ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። በለቀማ ወራት ወናጎ ያደገ ልጅ ያንን ቀለም ያውቀዋል። የቡና ማጠቢያዎቹ ገለባውንና የፈላውን ውሃ ሲለቁት ወንዛችን እንዲያ ይሆናል፤ ይጠቁራል፣ አረፋ ያወጣል፣ ይሸታል። ከብት ቀርቦ አሽትቶ ይመለሳል። እኛ ስንዋኝ ገላችን ያሳክከናል። ልጅቷ ከዚያ ክምር ጎን ላይ የተሰካ ነገር አግኝታ በገመድ አሰረችው፤ ሁሉም ተረባርበው ሳቡት። ብስክሌት ወጣ። ከብስክሌቱ ኋላ የዓለም ቆሻሻ ሁሉ ተጎትቶ ወጣ። ከሥሩ የሽማግሌ ፊት ያለው ንጹሕ ውሃ ብቅ አለ፤ ሳቀ፤ ዘንዶ ሆኖ በረረ።

ማንም አልተናገረም። ተርጓሚያችንም አልተናገረም፤ አላስፈለገም። ጥቂት ቆይቶ ማያው ሰማያዊ ሆነ፤ አለቀ።

ከዚያ ጩኸቱ! «ገንዘባችን ይመለስ!» አጣናው ተገለበጠ። ተርጓሚያችን አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ማንም አልሰደበውም፤ እሱ ግን እንደተሰደበ ሰው ነበር የሚሄደው። በር ላይ የቆሙት «እንዴት ነው? እንዴት ነው?» ሲሉን እርስ በርሳችን ተያየን። አንዱ የአጋንንት ፊልም ነው አለ፤ ሌላው የሕልም ነው አለ፤ ሦስተኛው ሲዲው የተበላሸ ነው አለ። ለወትሮው በአስፋልቱ ዳር ተቃቅፈን እየተኮስን የምንሄድ ልጆች ያን ቀን ተበታትነን፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ይዘን ሄድን። የከፋኝ ይህ ነው። ፊልም ያልገባን ቀን ብዙ ነበር፤ አብረን ያልገባን ቀን ግን አልነበረም።

እህቴ ምድጃው ዳር አመድ እየጫረች ትጠብቀኛለች። ምን ልበላት? ሳንቲሟን ወስጃለሁ። እንዳየሁት ነገርኳት፤ አንድም ሳላስቀር፣ አንድም ሳላስተካክል። ልጅቷ ወላጆቿን ይዛ ወጣች፤ ከዚያ ደግሞ በመኪና ሄዱ፤ ደግሞ ጠፉባት አልኳት። «ደግሞ ሄዱ?» አለች፣ ጋቢው ከተሰቀለበት የጠፋ ጠዋት በምትናገርበት ድምፅ። «ደግሞ ሄዱ።» አልተገረመችም። ስሟን እንደቀሟት ነገርኳት፤ «ሌላ ስም ሰጧት?» አለች። የወንዙ ላይ ስደርስ አያቴም ቆጮዋን ትታ ሰማችኝ። «ከዚያስ?» አለች እህቴ። «አለቀ» አልኳት። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። «ጥሩ ነው» ብላ ተኛች።

ዓመታት አለፉ። አባታችን በስተመጨረሻ ተመልሶ ቡናው ሥር ገባ፤ እህቴ አግብታ ሐዋሳ ሆነች፤ ቪዲዮ ቤቱም የለም። መስከረም 2016 የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ያ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ትልልቁ ዛፍ፣ ትክል ድንጋዩ፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሐዋሳ እህቴ ቤት ነበርኩ። ስለ አገራችን ስናወራ ወንዙ ተነሳ፤ ወንዙ ሲነሳ ፊልሙ ተነሳ። የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ ምን እንደነበር አገኘችው፦ «ስፒሪትድ አዌይ»፤ የሃያኦ ሚያዛኪ ሥራ።

ያነበብነው ሁሉ ገረመን። ፊልሙ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ በገቢ ታይታኒክን በልጦታል። በ2002 በርሊን ላይ ወርቃማውን ድብ፣ በ2003 ኦስካርን ወስዷል። ሚያዛኪ ታሪኩን ጽፎ ሳይጨርስ መሣል ይጀምራል፤ መጨረሻው የሚገኘው በሥራው መሃል ነው። የሠራውም ለወዳጆቹ ሴቶች ልጆች፣ ለአሥር ዓመት ልጃገረዶች ነው። እህቴ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። በዚያ ዘመን ዕድሜዋ ወደዚያው ነበር፤ ያ ቤት ደግሞ አንዲትም ሴት ልጅ ያልገባችበት፣ «ሴት አክተር አትሆንም» የሚሉ ወንዶች የሞሉበት ቤት ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ለእሷ የተሠራው ፊልም ከእሷ ተከልክሎ ለእኛ መታየቱ።

ማታ ሦስታችን አየነው። ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠው። ፊልሙ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው፤ በዚያን ጊዜው ሲዲ ሁለት ላይ ካልተከፈለ አይገባም። ወናጎ ላይ ሁለተኛው ቀድሞ ገብቶ ነበር። ዋሻው መጀመሪያ ነው፤ አሳማነቱ መጀመሪያ ነው፤ ወንዙ መሃል ላይ ነው፤ ወላጆቿ መጨረሻ ላይ ይመለሳሉ፤ ሁሉም ነገር ደህና ይሆናል።

እውነቱን ልንገርህ፣ እንደገና ከፋኝ። በትክክለኛው ተራ ሲታይ ያማረ ነው፤ ሥዕሉ፣ ዜማው፣ ያ በውሃ ላይ የሚሄደው ባቡር ልብ ይሰርቃል። ግን እንግዳ ሆነብኝ። ያ ሁሉ የደከመችበት ወንዝ ታጥቦ ሲያበቃ ፊልሙ ትቶት ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል።

እህቴ ጽሑፉ እየወረደ ሳለ «አለቀ?» አለች።

«አለቀ።»

«ወንዙስ?»

«አለፈ እኮ፤ መሃል ላይ አየሽው።»

«አይደለም» አለች። «ይህ አንተ የነገርከኝ አይደለም። ወላጆቿ ደግሞ ሄደውባት፣ እሷ ቀርታ ወንዙን አጠበችው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ይህንንማ ማንም ይጨርሰዋል።»

ልጇ «እማዬ፣ ተመልሰዋል እኮ!» እያለች ትከራከራለች፤ እናቷ «በእኛ አልተመለሱም» ትላታለች። ከምድጃው ዳር የሰማችውን አንድ ባንድ ትነግራት ጀመር፤ የረሳችውን እኔ እሞላለሁ፤ የብስክሌቱ ላይ ስትደርስ ሁለታችንም በአንድ ላይ ተናገርነው። ልጅቱ ግራ ተጋብታ ስታዳምጥ ቆየችና «እሺ፣ በናንተው ተራ እንየው» ብላ ፊልሙን ከመሃሉ አስጀመረችው። ሰዓቱ መሽቷል፣ ነገ ትምህርት አላት ብዬ ብከራከርም እናቷ ፈቀደችላት።