የኮርቻ መቀመጫ

ኢሉባቦር በስሙ ውስጥ ፈረስ ያለበት አገር ነው። ኢሉ ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው አባ ቦራ፥ የኦሮሞ ባላባቶች በፈረሳቸው በሚጠሩበት ልማድ የወጣ የፈረስ ስም መሆኑን ሽማግሌዎች ያስረዳሉ። ጌታውን በፈረሱ ስም አክብሮ የሚጠራ አገር፥ ለዚያ ፈረስ ኮርቻ የሚሠራውን ሰው በምን ስም ሲጠራው እንደ ኖረ ግን አንባቢ ወደ ታች ያገኘዋል።

በ1960 ዓ.ም. እኛ በመቱ በመምህርነት እንሠራ ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ገና ጎሬ ነበረች፤ እስከዚያ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በመኪና ይኬዳል። ከጥርጊያው ወጣ ብለው የሚገኙትን ትምህርት ቤቶች ለመጎብኘት ግን ከበቅሎ የተሻለ ነገር አልነበረም። የእኛም በቅሎ ደኅና ነበረች፤ ኮርቻዋ ግን እንጨቱ ሳይነቃነቅ መቀመጫው በስብሶ አለቀ። ይህ በዚያ አገር አያስደንቅም። ጎሬ በዓመት ከ1,800 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ቆዳ በቤት ውስጥ ተሰቅሎ እንኳ ይሻግታል። በደረቅ አገር የአባት ኮርቻ ለልጅ ይተርፋል፤ እዚያ ግን መቀመጫው ከተቀማጩ ቀድሞ ያረጃል።

ስለዚህ አዲስ መቀመጫ፥ ያውም ሌላ ቀለም ያለው ቆዳ የተገጠመበት ጌጠኛ መቀመጫ እንዲሠራልን፥ ከገበያው ዳር ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ሄድን። ሰውየው ስለ ጌጡ አልጠየቁንም። በቅሎዋን አስመጥተው ጀርባዋን ከትከሻዋ እስከ ወገቧ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ቀጥሎም እኛን በአሮጌው ኮርቻ ላይ አስቀምጠው ጉልበታችን የሚያርፍበትን ቦታ በከሰል ምልክት አደረጉበት። የአገራችን ኮርቻ የጀርባው አጥንት ሳይነካ እንዲያልፍ በሁለቱ የጎን እንጨቶች መካከል ክፍት የተተወ ነው። መቀመጫው ሲሠራ ያ ክፍተት ከተደፈነ በቅሎዋ ትገጠባለች፤ የተገጠበች በቅሎ ደግሞ ስለ ጌጡ ውበት ግድ የላትም።

በመጀመሪያ ጥሬውን የበሬ ቁርበት ውሃ አጠጥተው፥ በእንጨቱ ላይ ወጥረው በጠፍር ሰፉት፤ ሲደርቅ ራሱ እየተኰማተረ እንጨቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ለላዩ የሚሆነው የፍየል ሌጦ ጠጉሩ ተፍቆ፥ በእምቧይ ፍሬ ጭማቂና በዛፍ ቅርፊት ውሃ ተነክሮ፥ ቅቤ ተቀብቶ በእግር እየተረገጠ የለፋ ነው። ቀዩ ባሕር ዐረብ ከላይ፥ አረንጓዴው ከሥር ሆነ።

ቅርጹ በቀዩ ቆዳ ላይ በወስፌ ጫፍ ይነደፋል፤ ከዚያም በሰላ ካራ ተቈርጦ ይወጣና በቀዳዳው ሥር አረንጓዴው ይነጠፋል፤ የሁለቱም ጠርዝ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ይፋቃል። ይህ ካልተደረገ ተቀማጩ ግማሽ ቀን ሳይጓዝ እያንዳንዱን ስፌት በሥጋው ይቈጥረዋል። የእኛ ሰው በዚህ ላይ የዝናቡን ነገር አሰቡ። «መምህር፥ ቆዳ የተቈረጠበት ቦታ ሁሉ ለውሃ በር ነው» አሉን። ስለዚህ ጌጡን ውሃ በሚቋጥረው በመካከለኛው ጐድጓዳ ላይ ሳይሆን፥ ወደ ጎን በሚያዘቀዝቀው በኩል አደረጉት፤ የስፌቱንም መሥመር ሁሉ ቍልቍል መሩት። የሚሰፉበትን ጅማት አስቀድመው በሰም አሹት፤ አገሩ የማር አገር ነውና ሰም አልቸገራቸውም። ሥራው 9 ቀን ፈጀ፤ ከዘጠኙም አንዱን ቀን ዝናቡ እስኪያባራ ከመጠበቅ በቀር ምንም አልሠሩም።

እንደ እርሳቸው ያሉ ሰዎች ለዚያ አገር ምን እንደ ዋሉ ጥቂት እንበል። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ከተፈቀደ በኋላ፥ የጎሬ ቡና በቡሬ በኩል ወደ ቆላው ይወርድ ነበር፤ ነጋዴውም መኰንኑም የሚቀመጠው በእነዚህ ሰዎች እጅ ሥራ ላይ ነው። ስማቸው ግን በአማርኛም በኦሮምኛም ፋቂ ነበረ፤ ስሙም ሥራን ከመግለጽ ይልቅ ስድብ ሆኖ፥ ከጋብቻና ከማዕድ ሲያርቃቸው ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ 60 ዓመት ሆኖት ሳለ፥ ከተማሪዎቻችን አንዱ የነበረው የእኒሁ አዛውንት ልጅ፥ የአባቱን ሥራ በመዝገብ ላይ «ነጋዴ» ብሎ አስጽፎ ነበር። አባትየው ይህን ያውቃሉ፤ ኮርቻውን ያስረከቡን ቀንም ለጌጡ የተለየ ዋጋ አልጠየቁም፤ ሠሪውን ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ ሳንደብቅ እንድንነግርላቸው ብቻ ለመኑን።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አንድ ሹም መንገድ ላይ አቁሞን መቀመጫውን እየደባበሰ የአዲስ አበባ ሥራ መሆኑን ጠየቀን። የማን እጅ ሥራ እንደ ሆነ ነገርነው። «ያ ፋቂ?» አለና እጁን አነሣ። እኛም፥ «አዎን፥ እርሳቸው» አልነው። ብዙ ሳይቈይ ዐይኑን ወደ ኮርቻው መልሶ፥ ስፌቱ ለምን ወደ ታች እንደ ወረደ ጠየቀን፤ የዝናቡን ምክንያት አስረዳነው። በወሩ በዚያ በገበያው ዳር ስናልፍ የሹሙ ኮርቻ መቀመጫው ተገፎ ከአዛውንቱ ደጅ ተሰቅሎ አየነው፤ ልጁም ከሥሩ ተቀምጦ ጅማት በሰም ያሽ ነበር።