የነርሲንግ ተማሪዎች የኮምፒዩተር ክህሎት፦ ከመጠይቅ እስከ ሕሙማን መኝታ ክፍል

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የነርሲንግ ተማሪ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝባቸው አጋጣሚዎች በርክተዋል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ዳታ ሳይንስና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያስተዋውቅ የጋራ ትምህርት ይወስዳሉ፤ በ2015 ዓ.ም. በስፋት የተጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተናም በኮምፒዩተር ይሰጣል። ስለዚህ ተማሪው «ኮምፒዩተር መጠቀም ትችላለህ?» የሚል መጠይቅ ቢቀርብለት «አዎን» ብሎ መመለሱ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ይህ መልስ በሕሙማን መኝታ ክፍል ለሚያስፈልገው ክህሎት በቂ ማስረጃ አይደለም።

ልዩነቱን ጉልህ የሚያደርገው የሰዓት አመዘጋገብ ነው። በየ8 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተሰጠ እንበል። ነርሱ በወረቀት ካርድ ላይ «2፡00» ብሎ ቢጽፍ፣ ተረኛ ሆኖ የሚረከበው ባልደረባ ልማዱን ስለሚያውቅ አይሳሳትም። በዓለም አቀፍ የሰዓት አቆጣጠር የሚሠራ ሶፍትዌር ግን ያንኑ ቁጥር ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። በዚህም ምክንያት ከቀኑ 10 ሰዓት መሰጠት የሚገባው ቀጣዩ መድኃኒት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ማለትም የመጀመሪያው ከተሰጠ ከ2 ሰዓት በኋላ፣ እንዲሰጥ ያመለክታል። የልደት ዘመንም እንደዚሁ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዓመቱ ሳይለወጥ በጎርጎርዮሳዊ መዝገብ ቢገባ ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይጨምራል። በፍጥነት መተየብ ይህን ስሕተት አያስቀርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ተጠያቂነት ነው። በወረቀት መዝገብ የነርሱ ፊርማ የሚሰጠውን አገልግሎት በኮምፒዩተር የሚሰጠው የመጠቀሚያ ስምና የይለፍ ቃል ነው። በባልደረባው ስም ገብቶ የሚመዘግብ ተማሪ በሌላ ሰው ፊርማ የመፈረም ያህል ይፈጽማል።

«በየክፍሉ ኮምፒዩተር በሌለበት ይህ ሥልጠና ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሰዓትንና ዘመንን መለወጥ፣ የተመዘገበውን ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ማመሳከር ግን በወረቀት ቅጽም ሊለማመዱት የሚቻል ነው። ስለሆነም ትምህርቱ ከመድኃኒት አሰጣጥና ከተረኛ ርክክብ ልምምድ ጋር ተያይዞ ቢሰጥ የበለጠ ፍሬ ይኖረዋል። በዚህ መስክ የሚደረግ ጥናትም ተማሪው ስለ ራሱ የሚናገረውን ከመመዝገብ አልፎ፣ የአንድን ሕመምተኛ መረጃ ሲመዘግብ የሚሠራውን በዐይን አይቶ ሊመዝን ይገባዋል።