እናቴ ያየቻቸው ፊልሞች

ባለፈው ዓመት ቤትህ ተቀምጠህ ካየሃቸው ፊልሞች የትኞቹን ወደድክ ብትሉኝ፣ መልሱ የእኔ ብቻ አይደለም። እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው። ቴሌቪዥኑ ያለው ደግሞ እሷ የምትቀመጥበት ሳሎን ውስጥ ነው። ስለዚህ ፊልም ላይ የሚል ሰው መጀመሪያ ከቱርክ ድራማዋ ጋር መደራደር አለበት። በ2008 ዓ.ም. ቃና መጥቶ ቱርኮቹን በአማርኛ ካናገራቸው ወዲህ፣ እናቴ ዘንድ ፊልም ማለት አማርኛ የሚናገር ነገር ነው። የማይናገረውን እኔ አናግረዋለሁ። ከታች የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያሳደድኩ፣ ለጣሊያኑም ለጃፓኑም፣ ለሴቱም ለወንዱም፣ አንድ ድምፅ እኔ ነኝ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ትርጉም ከባድ ሙያ ነው እያልኩ ተማሪ አስጨንቅ ነበር። እናትን አጠገብ አስቀምጦ እንደመተርጎም ያለ ፈተና ግን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

የጀመርነው በቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1948 ሥራ። ሥራ ፈቱ አባወራ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ይፈልጋል፤ ብስክሌቱ ደግሞ መያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቿን ገፋ ይዛ ስትነሳ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ «አንሶላውን ልታስይዝ ነው! ጎበዝ!» አለች። መጨረሻ ላይ ሰውየው ቸግሮት የሰው ብስክሌት ይዞ ሲሮጥና ሲያዝማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ልጁ አየው፣ ልጁ አየው…» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ስለ ጣሊያን ኒዮሪያሊዝም ላብራራ፣ ዋናው ተዋናይ የፋብሪካ ሠራተኛ እንደነበረ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። ማን ጠይቆኝ!

የሳትያጂት ራይን «ፓተር ፓንቻሊ» (1955) ደግሞ ከእኔ በጣም በተለየ መንገድ ነው ያየችው። እኔ የምጠብቀው ሁለቱ ሕፃናት በነጫጭ የሣር አበባ መሀል ሮጠው ባቡር የሚያዩበትን ቦታ ነው፤ ስለ ሲኒማ የሚያስተምር ሁሉ የሚያወሳው ቦታ። ባቡሩ ሲያልፍ እናቴ ወጥ ልታማስል ጓዳ ገብታ ነበር። እሷን የያዘቻት ያቺ ጎባጣ አሮጊት አክስት ናት። የቤቱ እመቤት አሮጊቷን ፊት በነሳቻት ቁጥር እናቴ «ለአንድ አፍ ምን አላት!» እያለች ከቤንጋሏ ሴትዮ ጋር ትጣላ ጀመር። አሮጊቷን ሆና የተጫወተችው ቹኒባላ ዴቪ ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ማረፏን አውቃለሁ። ይህን ግን አልነገርኳትም፤ አንድ ለቅሶ ይበቃል ብዬ።

የፈራሁት የኦዙን «የቶኪዮ ወግ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራ ነው። ሽማግሌና ባልቴት ከጠረፍ ከተማ ተነስተው ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶኪዮ ይሄዳሉ። ልጆቹ ጊዜ የላቸውም። ሴቷ ልጅ ባሏ ለወላጆቿ ውድ ኬክ ስለገዛ ትነጫነጫለች፤ በኋላም ገላግሉን በሚመስል ሁኔታ ወደ ፍል ውሃ ከተማ ይልኳቸዋል። እንግዲህ ይህንን ልጇ ቤት ለምትኖር እናት ተርጉም! እዚህ ላይ አስተርጓሚው ቃላት ማለዘብ ሲጀምር፣ «እሷ ብዙ ተናገረች፤ አንተ የነገርከኝ ትንሽ ነው» ተባለ።

ፍርዷ ግን ያልጠበቅኩት ነበር። ለልጆቹ ቆመች። «ሥራ አላቸው እኮ። ሐኪሙ በሽተኛ ጥሎ ይምጣ?» አለች። ደግነቷ ዓለምን ያስለቀሰው ኖሪኮ፣ የሞተው ልጃቸው ሚስት፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አዛውንቱን ከተማ ስታዞር፣ እናቴ «ይቺ ልጅ ምን ትጠብቃለች? ታግባ እንጂ!» ብላ ተበሳጨች። ደግሞም ሽማግሌዎቹ ራሳቸው የሚሏት ይህንኑ ነው። ኦዙ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው በሚያይበት ከፍታ ነው የሚያስቀምጠው። እናቴም በርጩማዋ ላይ ሆና ከዚያው ከፍታ ነው የምታየው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ከእኔ የተሻለ ያየችው።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የታየው፣ ለእኔ የዕረፍት ቀን ሆነልኝ፤ አማርኛ ነዋ! ወንዱ ልጅ ሳምቡሳ ሠርቶ መሸጡን እናቴ ወዳለታለች።

ከሁሉ በኋላ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» መጣ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፣ እንደ ገጠር ቀን የሚያዘግም ፊልም ነው። ተርጓሚ አያስፈልግም። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጭሰኞቹ ላይ ሲጮህ እናቴ «ድምፁን ቀንሰው» አለችኝ። ቀነስኩ። «የእኛም እንዲሁ ነበር የሚጮኸው።»

የእኛ? አርሲ የነበሩትን አያቴን የማውቃቸው በጥንድ በሬያቸው ነው። በልጅነቴ የሰማሁት ስለ በሬዎቹ ብቻ ነው፤ መሬቱ የማን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ስለ ጭሰኛ የተጻፉ ልቦለዶችን ለዓመታት ሳስተምር ከመጽሐፍ ነበር የማስተምረው።

ፊልሙን አቁሜ አዳመጥኳት። ለበዓል እጅ መንሻ ዶሮ ይወሰዳል። ታላቅ ልጅ ስለሆነች ዶሮዋን የምታቅፈው እሷ ናት። አባትና ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ቆሙ። ረፋዱ ላይ ባለመሬቱ ወጥቶ የዶሮዋን ደረት በጣቱ ዳበሰና «ከሲታ ናት፣ ሌላ አምጡ» ብሎ መለሳቸው። «አባባ ያን ለታ ማታ እህል አልቀመሱም» አለች እናቴ። «ዶሮዋን አርደን እንዳንበላት ደግሞ፣ ለሚቀጥለው በዓል ትወፍር ተባለ።»

የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አያቴ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ሞተዋል። እናቴም አዲስ አበባ ገብታ እኔን ወልዳለች።

ለሦስት ቀን ቀጥል አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳት። በአራተኛው ቀን ራሷ «ጨርሰው» አለች። እስከ መጨረሻው አየን፤ ልጅቷ ላም ላድን ብላ ጎርፍ ሲወስዳት፣ እብድ የሚሉት ሰውዬም ባለመሬቱን በዱላ ሲገድለው። ስንቱን ፊልም ስትመክርና ስትረግም የከረመች ሴት ትንፍሽ አላለችም። ካበቃ በኋላ ግን ተዋናዮቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ብዙዎቹ ገበሬዎች እንደሆኑ፣ ትወና የተማሩ እንዳልሆኑ ነገርኳት።

«ይሄን ሲሠሩ አዋጁ ወጥቶ ነበር?»

አልወጣም። የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974፣ ዘውዱ በሚወድቅበት ሰሞን ነው።

«እና ባለመሬቱ እያለ ነው?» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እንዴት አስቻላቸው?»